ለልጄ የወንዝ ጉዞና የድሮ አሜሪካ ጠረፍ መጻሕፍት መጡለት፤ የቱን ላስቀድም?

የቦርከና እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው፤ ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ወንድሜ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው። በቅርቡ ወደዚህ የሚመጣ ሰው አገኘና አንድ ካርቶን ሙሉ የልጆች መጽሐፍ ላከልን። የራሱ ልጆች አንብበው የጨረሷቸው ናቸው። አብዛኞቹ የወንዝ ጉዞና የድሮዋ አሜሪካ ታሪክ ናቸው። ግንድ አስረው ወንዝ ለወንዝ የሚወርዱ ልጆች አሉ። ሸራ በለበሰ ጋሪ ልጅና ዕቃ ጭነው ወደ ምዕራብ የሚሄዱ ቤተሰቦችም አሉ። ልጄ 10 ዓመቱ ነው። እንግሊዝኛው ለዕድሜው ደህና ነው፤ ሲከብደው እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ በአማርኛ እየነገርኩት አብረን እናነባለን። ማታ ቡናው ተጠጥቶ ሲያበቃ የኛ ሰዓት ነው።

ልጁ ውሃ ካየ ነፍሱን አያውቅም። ክረምት ቦርከና ሲሞላ ድልድዩ ላይ ካልቆምኩ እያለ ያስቸግረኛል። ባለፈው ነሐሴ ባዶ ሃይላንድ ወሰደ፣ ጎኑን በምላጭ ቀደደ፣ ከካርቶን ሰው ቆርጦ ውስጡ አስቀመጠና ለቀቀው። ከዓይናችን እስኪጠፋ ድረስ አየነው። ከዚያ «እማ፣ ባሕር ይደርሳል?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

አሁን ሁለት ነገር ቸግሮኛል። አንደኛ፣ ከየትኛው ልጀምርለት? ሁለተኛው ይበልጥ ከብዶኛል። አንዱን መጽሐፍ ስንገልጥ ፊታቸውን የተቀቡ ሰዎች ከጫካ ሲወጡ የሚያሳይ ሥዕል አገኘን፤ የጋሪዎቹ ሰዎች ሲፈሯቸው፣ ሲሸሿቸው ይታያል። ልጄ «እነዚህ ሌቦች ናቸው?» አለኝ። እንደዚያ እያሰበ እንዲያድግ አልፈልግም። መጽሐፉን ነጥቄ ብደብቀው ደግሞ ይበልጥ ልቡ ይንጠለጠላል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?


ሐይቅ ዳር፦

አብሽሪ እህቴ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ሀብት ነው። እኔ ሐይቅ ከተማ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ከሃይላንዱ ልጀምር፣ ልጅሽ ትልቅ ጥያቄ ነው የጠየቀሽ።

ቦርከና ላይ የተለቀቀ ነገር ባሕር አይደርስም። ቦርከና ከደሴ ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ የጨፋን ረግረግ አቋርጦ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማያይ ወንዝ ነው። አፋርን እያጠጣ ሄዶ ጅቡቲ ጠረፍ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ከዚያ በኋላ የፀሐይ ነው። ከወሎ ተራሮች በምዕራብ በኩል የሚወርደው ውሃ ግን ዕጣው ሌላ ነው። በሽሎ አባይ ይገባል። ተከዜ ከላስታ ተነሥቶ ሱዳን ውስጥ በአትባራ በኩል ናይልን ይቀላቀላል። የሁለቱም መጨረሻ ሜዲትራኒያን ነው። አንድ ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ ግማሹ አፋር በረሃ ቀርቶ ግማሹ ግብፅ ይወርዳል ማለት ነው። ይህን ሁልጊዜ ለተማሪዎቼ ስነግር ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ለዚህ ልጅ መጀመሪያ የሚሰጠው መጽሐፍ «ፓድል ቱ ዘ ሲ» ነው። ካርቶኑን ፈትሺ፤ ወንድምሽ የሚኖርበት አገር የዚያ ታሪክ ጎረቤት ስለሆነ ሊኖር ይችላል። ጸሐፊውም ሠዓሊውም ሆሊንግ ሲ. ሆሊንግ ነው፤ በ1941 ታተመ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ካናዳ ውስጥ ከኒፒጎን አገር የሆነ አንድ የነባር ሕዝብ ልጅ ከእንጨት ትንሽ ታንኳ ይቀርጻል፤ ታንኳዋ ውስጥ አንድ ቀዛፊ ተቀምጧል። ቀጥ ብላ እንድትንሳፈፍ ከሥሯ ክብደት ያደርግላታል፤ ያገኘኝ ሰው ወደ ውሃው ይመልሰኝ የሚል ቃልም ይጽፍባታል። ከዚያ ወንዝ ላይ አይለቃትም። ኮረብታ ላይ በረዶው ውስጥ አስቀምጧት ይሄዳል። ፀደይ ሲመጣ በረዶው ይቀልጣል፣ ውሃው ይዟት ይወርዳል። ሱፒሪየር ሐይቅ ትገባለች፣ አምስቱን ታላላቅ ሐይቆች ታቋርጣለች፣ ናያጋራ ፏፏቴ ላይ ትወድቃለች፣ በሴንት ሎውረንስ ወንዝ አድርጋ አትላንቲክ ትደርሳለች። ዓመታት ይፈጅባታል። ልጅሽ በሃይላንድ የሠራው ይኸው ነው እኮ!

የአነባበቡን ነገር ልንገርሽ። በአንድ በኩል ጽሑፍ፣ በሌላው ሙሉ ገጽ ሥዕል ነው። በጽሑፉ ዳር ዳር ላይ ትንንሽ የእርሳስ ሥዕሎች አሉ። ካርታ፣ የእንጨት መሰንጠቂያ አሠራር፣ መርከብ ከዝቅተኛ ውሃ ወደ ከፍተኛ ውሃ በመዝጊያ እንዴት እንደሚወጣ፣ ሁሉም በዝርዝር ተሥሏል። ጽሑፉን ቶሎ አንብባችሁ ገጹን አትግለጡ። ዳሩን በጣቱ እየተከተለ ይቆይበት።

እሱን ሲጨርስ የዚያው ሰው «ሚን ኦቭ ዘ ሚሲሲፒ» አለ፤ የ1951 ነው። ባለ ሦስት እግር ኤሊ ሚሲሲፒን ከምንጩ እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ትወርዳለች። ምንጩ ኢታስካ ሐይቅ ነው፣ ወንድምሽ ያለበት ሚኒሶታ። እዚያ ሚሲሲፒ ጠባብ ከመሆኑ የተነሣ ልጆች ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል። ያ ውሃ ግን ከ3,700 ኪሎ ሜትር አካባቢ በኋላ ነው ባሕር የሚገባው፤ ሦስት ወር ገደማ ይፈጅበታል። አጎቱ ኢታስካ ሄዶ ድንጋዮቹ ላይ ቆሞ ቪዲዮ ቢልክለት እንዴት ደስ እንደሚለው አስቢው።


የወረባቦው፦

የመምህሩ ምርጫ ጥሩ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ሳካጋዊያ የሚተርክ መጽሐፍ ካለ እሱን ነው፤ በብዙ ሰው ስለተጻፈ ካርቶኑ ውስጥ አንዱ አይጠፋም።

አሜሪካ በ1803 ከሚሲሲፒ ማዶ ያለውን ሰፊ አገር ከፈረንሳይ በ15 ሚሊዮን ዶላር ገዛች። የአገሩን ባለቤቶች የጠየቀ የለም። በዓመቱ ሉዊስና ክላርክ የሚባሉ መኮንኖች ሚዙሪ ወንዝን ሽቅብ ጉዞ ጀመሩ፤ ሰላማዊ ውቅያኖስ ደርሰው በ1806 ተመለሱ። ሳካጋዊያ ሾሾኒ የሚባል የነባር ሕዝብ ልጅ ናት። በልጅነቷ ተማርካ ከወገኖቿ ተለይታለች። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ስትጓዝ የሦስት ወር ሕፃን ይዛ፣ አንድ ቀን ነፋስ ጀልባዋን ገልብጦ ሊያሰጥማት ደረሰ። መሪውን የያዘው ሰው ተደናግጦ ሲጮህ እሷ ረጋ ብላ ውሃው የወሰደውን ዕቃ እየለቀመች መለሰች። በኋላ ተራራው ሥር ፈረስ ፍለጋ ከሾሾኒዎች ጋር ሲገናኙ አለቃው ወንድሟ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ልጄ አለቀሰች፣ እኔም እንባዬ መጣ።

እግረ መንገድሽን ዮርክን ንገሪው። የክላርክ ባሪያ የነበረ ጥቁር ሰው ነው፤ መንገዱን በሙሉ አብሯቸው ሄዶ ተመልሷል። ሲመለሱ ሌሎቹ ደመወዝና መሬት አገኙ። ለእሱ ምንም አልተሰጠውም። ልጆች ይህን ሲሰሙ ወዲያው «ለምን?» ነው የሚሉት።


ደሴ ፒያሳ፦

የማርክ ትዌይን መጻሕፍት ካሉበት ተጠንቀቂ። ተይው ማለቴ ግን አይደለም። ሰውየው ልጅ ሆኖ ያደገው ሚዙሪ ውስጥ ሚሲሲፒ ዳር ነው፤ ጎልምሶ የእንፋሎት መርከብ ነጂ ሆነ። የብዕር ስሙ ራሱ ከወንዙ የመጣ ነው። የውሃውን ጥልቀት የሚለካው ሰው «ማርክ ትዌይን» ብሎ ሲጣራ 3.6 ሜትር ገደማ አለ፣ መርከቡ ማለፍ ይችላል ማለት ነበር።

የ1876ቱ «ቶም ሶየር» ለ10 ዓመት ልጅ ይሆናል። ዋሻ ውስጥ የሚጠፉበት ክፍል እጅ ያስነክሳል። ነገር ግን ክፉው ሰው ከነባር ሕዝብ የተወለደ ተደርጎ ነው የተሣለው፣ የክፋቱም ምክንያት ደሙ እንደሆነ ሲነገር ትሰሚያለሽ። አንቺ የፈራሽው ነገር ይኸው ነው። እዚያ ስትደርሱ መጽሐፉን ጭንሽ ላይ አስቀምጪና አውሩበት።

«ሃክልቤሪ ፊን»ን ግን ሦስት አራት ዓመት አቆዪለት። አንድ ነጭ ልጅና ከባርነት ያመለጠ ጂም የሚባል ሰው ሚሲሲፒን በግንድ ላይ ይወርዳሉ። ሐሳባቸው ኦሃዮ ወንዝ የሚገባበት ኬይሮ ደርሰው ወደ ነጻው አገር መዞር ነበር። ጉም ይሸፍናቸውና ሳያዩት ያልፉታል። ከዚያ በኋላ ውሃው በየቀኑ ጂምን ባርነት ወደጠነከረበት አገር ይዞት ይወርዳል። ወንዝ እንዲህ ሲያስጨንቅ ሌላ መጽሐፍ ላይ አላየሁም። ነገር ግን ጥቁር ሰው የሚሰደብበት ቃል ከ200 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ያንን ቃል ልጅ ብቻውን ሊሸከመው አይገባም። ሁለቱም የቅጂ መብታቸው ስላለቀ ጉተንበርግ በሚባለው የመጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛሉ፤ ካርቶኑ ውስጥ ባይኖሩም ስልክ ላይ ማውረድ ይቻላል።


የቦርከና እናት፦

እድሜ ይስጣችሁ። መምህር፣ ተባረኩልኝ፤ ቀዛፊዋን ታንኳ አገኘኋት! ከሥር ተቀብራ ነበር። ዛሬ ማታ እንጀምራለን።

ያ የፈራሁት ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ከነዚህ ከጠራችኋቸው አይደለም፤ ሽፋኑ ተቀዶ ርዕሱ አይታይም። ግን የሎራ ኢንግልስ ዋይልደር «ሊትል ሃውስ ኦን ዘ ፕሬሪ»ም አለ፣ ወንድሜ ልጆቼ በጣም የወደዱት ብሎ ወረቀት ለጥፎበታል። ጥቂት ገጽ አንብቤ እኔም ወደድኩት። እዚያም ስለ ኢንዲያን ጥሩ ያልሆነ ንግግር አለ። አንብቦት የሚያውቅ ሰው አለ?


ከጳዌ፦

አንብቤዋለሁ፣ ከአንድ ጊዜም በላይ። አሁን ደሴ ነኝ፤ የተወለድኩት ግን ጳዌ ነው፣ ስም ሳይሆን ቁጥር ከተሰጣቸው መንደሮች አንዱ ውስጥ። አባትና እናቴ የአምባሰል ሰዎች ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ለሰፈራ ተጭነው ሄዱ። ስለዚህ ይህ መጽሐፍ ለእኔ የሩቅ ታሪክ ሆኖ አያውቅም። ትንሽ አስረዝማለሁ፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ላይ የጋሪው ቤተሰብ አንድ ወንዝ ይሻገራል። መሐል ሲደርሱ ውሃው ድንገት ይሞላል። አባትየው ልጓሙን ለእናትየው ሰጥቶ ዘሎ ይገባና ፈረሶቹን ከአንገታቸው ሥር እየዋኘ ይመራል፤ ጋሪው ይንሳፈፋል፤ ልጆቹ ውስጥ ተኝተው እንዲቆዩ ተነግሯቸዋል። ተሻግረው ሲያዩ ውሻቸው የለም። ልጅሽ ክረምት ቦርከናን ያየ ስለሆነ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ከዚያ ቤት ይሠራሉ። ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ቀጥሎ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታመው ይወድቃሉ፤ ብርድ፣ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ። ወባ ነው። እነሱ ግን ያኔ አያውቁም፤ ጎረቤታቸው ወንዝ ዳር የበቀለ ሐብሐብ በልታችሁ ነው ትላቸዋለች። አንድ ጥቁር ሐኪም ደርሶ መራራ ዱቄት ሰጥቶ ያድናቸዋል። ይህን ገጽ ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ የደጋ ልጅ ናት፤ ከመሄዷ በፊት ወባ አታውቅም ነበር። ጳዌ በገባች በመጀመሪያው ክረምት ቤቱ በሙሉ ተኝቶ ውሃ የሚያቀብል ሰው ጠፋ ትላለች። የክኒኑን ምሬት ስታወራ አሁንም ፊቷን ታጨማድዳለች።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ያ ቤተሰብ ቤት የሠራው ካንሳስ ውስጥ የኦሴጅ ሕዝብ መሬት ላይ ነው። በዚያን ጊዜ በሕግም የኦሴጆች ነበር። መጽሐፉ በ1935 ሲወጣ መጀመሪያው ገጽ አካባቢ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረው፤ እዚያ አገር ሰው የለም፣ ኢንዲያኖች ብቻ ናቸው ያሉት የሚል። ከዓመታት በኋላ አንድ አንባቢ ለአሳታሚው ጻፈ። ጸሐፊዋ ስሕተቷን አመነች። ከ1953 እትም ጀምሮ «ሰው የለም» የሚለው «ሰፋሪ የለም» በሚል ተተካ። አንቺ እጅ ያለው የተስተካከለው ሳይሆን አይቀርም። ይህን ታሪክ ልጅሽ ገና ሳይጀምር ንገሪው። አንዲት ቃል እንዴት ሙሉ ሕዝብ ከሰው ተራ እንደምታወጣ ልጅ ይገባዋል፤ ከኛ ከትልልቆቹ ቀድሞ ይገባዋል ባይ ነኝ።

እኔ ስሄድ ስመጣ የነበርኩት የጉሙዝ ልጆች ጋር ነው። በለስ ወንዝ ላይ ዓሣ አብረን አጥምደናል። አንድ ቀን አንዱ ጓደኛዬ የኛን እርሻ እያሳየኝ፣ አያቴ ማር የሚቆርጥበት ዛፍ እዚህ ነበር አለኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገረው። ዝም ብሎ ነገረኝ። ቤት ገብቼ አባቴን ጠየቅኩት። አባቴ ብዙ ቆይቶ «እኛም ወደን አልመጣን፣ እነሱም ወደው አልለቀቁ» አለኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረም።

ስለዚህ መጽሐፉን አትደብቂው። የአባትየው ድካም እውነት ነው፣ የልጆቹ ፍርሃት እውነት ነው፣ የጋሪው መንገድ እውነት ነው። በዚያው መሬት ላይ ደግሞ የሌላ ሰው የማር ዛፍ ነበረ። ልጅሽ «ሌቦች ናቸው?» ሲልሽ «ቤቱ የማን ነበር?» ብለሽ መልሰሽ ጠይቂው። ስማቸውንም በደንብ ጥሪለት፤ ኦሴጅ፣ ቸሮኪ፣ ሾሾኒ እያልሽ። ስም ያለው ሰው ከሥዕሉ ጫካ ይወጣል።


ንባብ ወዳዷ፦

ከጳዌ የጻፍከው ወንድሜ፣ ሁለቴ አነበብኩት።

የቦርከና እናት፣ ከዚያ መጽሐፍ ጎን ለጎን የሉዊዝ ኧርድሪክን «ዘ በርችባርክ ሃውስ» አንብቢለት። በ1999 የታተመ ነው፤ ጸሐፊዋ ራሷ ኦጂብዌ የሚባለው ነባር ሕዝብ ወገን ናት። በ1847 ሱፒሪየር ሐይቅ ላይ ባለች ደሴት የምትኖር ኦማካያስ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። ቆዳ ማልፋት ትጠላለች፣ ታናሽ ወንድሟን አንዳንዴ ትጠላዋለች፣ ከድብ ግልገሎች ጋር ትገናኛለች። ልክ እንደማንኛችንም ቤት ልጅ። አንድ ነገር ልንገርሽ ግን፤ በበረዶው ወቅት ፈንጣጣ ይገባል፣ የምትወደው ሕፃን ወንድሟ ይሞታል። ያን ምዕራፍ ቀድመሽ ለብቻሽ አንብቢው። አያት ካለው ፈንጣጣን የሚያስታውሱ ሰዎች አገራችን ውስጥ ገና እንዳሉ ይንገሩት።

አጭር የሚፈልግ ከሆነ የቲም ቲንግል «ክሮሲንግ ቦክ ቺቶ» አለ፣ የ2006 የሥዕል መጽሐፍ፤ ባንድ ማታ ያልቃል። ሚሲሲፒ ግዛት ውስጥ ያለ ወንዝ ነው፣ በአንድ ዳር ቾክታ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች፣ በሌላው ዳር ባሪያዎችና ጌቶቻቸው ይኖራሉ። ቾክታዎች ከውሃው ሥር ድንጋይ ደርድረው መሻገሪያ ሠርተዋል። ከላይ አይታይም። ሲረግጡት በውሃ ላይ የሚሄዱ ይመስላሉ። ቀሪውን አልነግርሽም።

መምህሩ ስለ ሚሲሲፒ ኤሊ ሲያወሩ ደግሞ ይህ ትዝ አለኝ። በ1838 ቸሮኪ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ከአገራቸው ተነቅለው ወደ ምዕራብ ሲነዱ ብዙዎቹ ሚሲሲፒ የደረሱት በበረዶው ወቅት ነው፤ ወንዙ በረዶ እየተንሳፈፈበት መሻገር አቅቷቸው ዳር ላይ በብርድ ቆዩ። በዚያ ስደት ያለቀው እስከ 4,000 ሰው ይገመታል። ኤሊዋ የምትዋኝበት ወንዝ ነው። ልጅሽ ትንሽ ሲያድግ ይወቀው።


የቦርከና እናት፦

ሳምንት ጠፋሁባችሁ። ቀዛፊዋን ታንኳ ጨረስናት። ናያጋራ ላይ ስትወድቅ ልጄ ትራሱን ነክሶ ነበር።

«ከጳዌ»፣ የአንተን ጽሑፍ ለእናቴ አነበብኩላት። እናቴ በ77 ወንድሟን ወደ ሰፈራ የሸኘች ሴት ናት። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ ተናግራ አታውቅም ነበር። ያን ማታ ነገረችን፤ ልጄም ሰማ።

መምህር፣ አቤ ሐይቅን በካርታ አሳየሁት። አዘነ፣ ሃይላንዴ በረሃ ቀረ ብሎ። በኋላ በሽሎን በጣቱ ተከትሎ አገኘው። ደላንታ ዘመድ አለን፣ ጥምቀትን እዚያ ነው የምንውለው። በሽሎ ላይ ካልለቀቅኩ እያለኝ ነው።


ሐይቅ ዳር፦

በሽሎስ ይሻላል! ግን በዚህኛው ሃይላንዱን ተወው በዪው፤ ፕላስቲክ ወንዝ ውስጥ ዕድሜ ልኩን ነው የሚቀመጠው። ከጽድ ይቅረጽ። ከሥሩ አንድ ሁለት ወፍራም ሚስማር ይምታበት፣ እንዳይገለበጥ። ጥምቀት ሰሞን ውሃው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ድንጋይ ላይ ይቀራል፤ እንደ ታሪኩ ዳር ላይ አስቀምጦት ይምጣና ክረምቱ ራሱ ይውሰደው። መንገዱ ላይ የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ አለ፣ ታች ደግሞ አስዋን። ብቻውን አያልፋቸውም። የሚያነሣ፣ የሚያሻግር ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጽሑፉ በደንብ ይታሰብበት።


የቦርከና እናት፦

ይህን ነግሬው «ሱዳንና ግብፅ አማርኛ ያነባሉ?» አለኝ። አረብኛ የሚችል አለ? «ወደ ውሃው መልሱኝ፣ ወደ ባሕር እየሄድኩ ነው» የሚለውን ብቻ ነው የምንፈልገው። አጭር ይሁን፣ ታንኳው ከክንድ አይበልጥም።


የወረባቦው፦

የእኔ አባት መድረሳ ነው የሚያስተምሩት። ከመግሪብ በኋላ በጥሩ እጅ ጽፈው ይሰጡኛል። ፎቶ አንሥቼ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ ልጁ በቢላ እንዲቀርጸው ፊደሉን ተለቅ አድርገው እንዲጽፉት እነግራቸዋለሁ።